የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ከኅብረተሰብ ጤና ጋር ለማስተዋወቅ ከየት እንጀምር? (ከደሴ)

መምህርት ዘጦሳ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የጤና ክበቡም አስተባባሪ ነኝ። በዚህ መንፈቀ ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ኅብረተሰብ ጤናና ስለ በሽታ መከላከል መግቢያ የሚሆን ትምህርት እንድሰጥ ተመድቤያለሁ። ይህ መድረክ ጤና ባለሙያዎችም፣ ወላጆችም፣ መምህራንም የሚገኙበት በመሆኑ ሥራውን ሳልጀምር ላማክራችሁ ፈለግሁ።

የሚያሳስበኝ ነገር ይህ ነው። በየክበቡ የለመድነው አሠራር የበሽታዎችን ስም መደርደር፣ ከእያንዳንዱ ሥር መንስኤ፣ መተላለፊያ መንገድ፣ ምልክትና መከላከያ እያሉ ማስጻፍ፣ በሰልፍ ሰዓትም በሚኒ ሚዲያ ማስነበብ ነው። ልጆቹ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። እጅ በሳሙና የሚታጠበው መቼ መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ ይመልሱልኛል። በትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ሳሙና ለምን እንደሌለ፣ ማን ማስቀመጥ እንደነበረበት፣ ባለመኖሩ ምን ያህል ልጅ እንደሚታመም ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ሐኪም ፊቱ የቀረበውን አንድ ሕመምተኛ ይመረምራል፤ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ደግሞ በር ላይ የተሰለፉትን ሁሉ አይቶ እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ፣ ለምን በዚህ ወር በዙ፣ ለምን ከዚያኛው ሰፈር ይልቅ ከዚህኛው መጡ ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቼ እንዲህ ብለው መጠየቅ እንዲለምዱ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የበሽታ ዝርዝር ሳልነካ፣ ማን ታመመ፣ የት ታመመ፣ መቼ ታመመ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ብቻ ላውላቸው አስቤአለሁ። ምሳሌው ከራሳችን አካባቢ ቢሆን እመርጣለሁ። የትኛውን በሽታ ላስቀድም? ልጆቹ ወጥተው ሊያዩትና ሊመዘግቡት የሚችሉት ምንድን ነው? ፈጽሞ እንዲያደርጉት የማይገባስ?


የሐረጎ መንገደኛ (ጤና መኮንን)

መምህርት፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዘው በመምጣትዎ ደስ ብሎኛል። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ለትምህርትዎ የሚሆነውን ምሳሌ በየዕለቱ እመላለስበታለሁ፤ ወባን ያስቀድሙ እላለሁ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአገራችን በጥቅሉ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ስለሚመደብ፣ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው የወባን ድንበር ተሻገረ ማለት ነው። ተማሪዎችዎን «በአንድ ወንዝ ተፋሰስ ያሉ፣ በገበያና በዝምድና የተሳሰሩ ሁለት ከተሞች ሳሉ ወባ ለምን በአንዱ ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል?» ብለው ይጠይቋቸው። «ታችኛው ቆላማ ስለሆነ» ይሉዎታል። እዚያ ላይ አይተዉአቸው፤ ቆላው በትንኟ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እስኪደርሱበት ድረስ ይግፏቸው።

ምክንያቱ በሒሳብ የሚገኝ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ተህዋስ በትንኟ ሰውነት ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ እስኪበቃ ድረስ አካባቢው 25 ዲግሪ ከሆነ 12 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን አራት ሳምንት ያህል ይወስድበታል፤ ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ትንኟ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አትኖርም። እንግዲህ በብርዳማው አገር ተህዋሱ ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች። ይህን ስሌት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በራሱ እጅ ቢሠራው የአየር ንብረት፣ የነፍሳት ዕድሜና የሰው ሕመም እንዴት እንደሚገናኙ ሳይነገረው ይገባዋል።

ሆኖም ድንበሩ የማይናወጥ አለመሆኑንም ይንገሯቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. ከወትሮው የተለየ ዝናብና ሙቀት በመከሰቱ ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። የደጋው ሰው በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱም የመቋቋም ልምድ አልነበረውም።

ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ «የት ነበርክ?» የሚለው ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ባለፉት ሳምንታት ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐርቡ ወይም ወደ ባቲ ለዘመድ ጥየቃ ወርዶ እንደነበር መጠየቅ ሕይወት ያድናል፤ ትኩሳቱን ብርድ ነው ብሎ ቤት ማቆየት ግን አደገኛ ነው። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ጥያቄው ከቅርብ ሳምንታትም አልፎ መሄድ አለበት።

ልጆቹ የሚሠሩት ሥራም አለ። በአገራችን በመጀመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው፣ ኋላም ባቲን ጨምሮ በሌሎች ከተሞች የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ እንደ ነባሮቹ ረግረግ ብቻ አትፈልግም፤ በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች። ከዕንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚሆን፣ በየሳምንቱ የውሃ ዕቃን ፈትጎ መድፋትና መክደን ዑደቱን ይሰብረዋል። ክዳን የሌላቸውን ዕቃዎች በግቢያቸው ቆጥረው ቢመዘግቡ የመጀመሪያው የመስክ ሥራቸው ይሆናል።


የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። የሐረጎ መንገደኛ ያሉትን እየደገፍሁ፣ «የት ታመመ?» ለሚለው ጥያቄ የለንደኑን ታሪክ እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ብሮድ ጎዳና አካባቢ ኮሌራ በገባ ጊዜ አብዛኛው ሰው በሽታው ከሚገማ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር፤ ጀርሙም ገና በሕክምናው ዓለም አልታወቀም። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሟቾችን ቤት አንድ በአንድ መርምሮ ብዙዎቹ ከአንድ የውሃ ፓምፕ እንደሚቀዱ አገኘ። ርቀው የሞቱት አንዲት ሴት እንኳ የዚያን ፓምፕ ውሃ ጣዕም ስለሚወዱ በየቀኑ እያስመጡ ይጠጡ ነበር። በአንጻሩ አጠገቡ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ከፋብሪካው ቢራና ከራሱ ጉድጓድ ስለሚጠጡ አልታመሙም። የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ያስደረገው በማስረጃ ነው፤ ማይክሮስኮፕ አላስፈለገውም። በርግጥ እጀታው ሲነቀል ወረርሽኙ በራሱም መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ይህንንም ሳይደብቁ ቢነግሯቸው ማስረጃን መመዘን ይማራሉ።

በክፍል ውስጥ የሰፈራቸውን ካርታ በእጅ ሥለው የውሃ ቦኖዎችን፣ የጋራ መጸዳጃ ቤቶችንና የቆሻሻ መጣያ ገንዳዎችን ምልክት ቢያደርጉበት ያንኑ ዘዴ ተለማመዱ ማለት ነው።


ነርስ በጡረታ

መምህርት ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። የለንደኑን ታሪክ አልጠላውም፤ ይሁን እንጂ ልጆቻችን ይህን ሳይንስ ሁልጊዜ ሩቅ አገር የተሠራ አድርገው እንዲያዩት አልፈልግም። ሁለት የአገር ታሪክ ልጨምርልሽ።

በእኔ ልጅነት ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ሰው በየመንደሩ ይታይ ነበር። የዛሬ ልጆች ቃሉን እንጂ በሽታውን አያውቁትም። የማጥፋት ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ብልሃቱ ሁሉንም ሰው ለመከተብ በመሮጥ ላይ አልቆመም፤ የታመመውን እያንዳንዱን ሰው ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን ሁሉ መከተብ ነበር። ፈላጊዎቹ በሽተኛ ሕፃን የሚታይበትን ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ልጆች መንደሩን ሁሉ ስለሚዞሩ ወሬው ከእነሱ ይገኛል። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ፤ በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. መጨረሻ ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗ ታወጀ። ተማሪዎችሽ የበሽታ ቅኝት የሚባለው ሥራ የነሱን እኩዮች ዐይን ይጠቀም እንደነበር ይወቁት።

ሁለተኛው የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ነገር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ (ከውሃ ስለሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ) ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሽታው ወደ ሰው የሚደርሰው በቀንድ አውጣው ውስጥ አልፎ ነውና፣ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አስቀርበው ከአጣቢዋ የእንዶድ አረፋ ቢጨምሩባቸው ሞቱ። እናቶቻችን በየወንዙ ዳር ሲያደርጉት የኖሩት ነገር በአንድ ሰው ጥንቃቄ የተሞላ ምልከታ የምርምር ርእስ ሆነ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልጆቹ ወንዝ ዳር ቆመው የሚያዩት ነገር ትርጉም እንዳለው ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

የደሴን ብርድ በተመለከተም አንድ የማልታገሠው ነገር አለ። ስድሳ ልጅ የተቀመጠበት ክፍል መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሲውል አያለሁ፤ በታክሲም እንዲሁ፣ አንዱ ሊከፍት ሲል ሌላው «ብርድ ይመታናል» ብሎ ይዘጋል። ቲቢ የሚተላለፈው በማንኪያና በብርጭቆ ሳይሆን የታመመ ሰው ሲያስል በሚወጣውና ባልተናፈሰ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት በሚቆየው አየር ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው መመርመር አለበት፤ ምርመራውና ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምናም ስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። በዚህ ቀዝቃዛ አገር ቀኑን ሙሉ ሁሉንም መስኮት ክፈቱ ብትዪ አይሰሙሽም። በዕረፍት ሰዓት በሁለቱም ወገን ትይዩ ያሉትን ከፍተው ክፍሉን ማናፈስ፣ በትምህርት ሰዓትም ላይኛውን መስኮት ገርበብ አድርጎ መተው ግን ይቻላል። ለዚህ ሥራ በየሳምንቱ ተረኛ ልጅ መድቢ።


የገራዶ አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ በዚያው ክፍል ደረጃ ስለምትማር ጉዳዩ ይመለከተኛል፤ ትምህርቱንም እደግፋለሁ። ነገር ግን መምህርት፣ ሁለት ነገር ልለምንዎ።

አንደኛ፣ ልጆቹ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ማን እንደታመመ እንዲመዘግቡ አይላኩብን። በሰፈራችን ቲቢ ወይም ኤችአይቪ አለበት የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተናል፤ የጎረቤት ልጅ ደብተር ላይ የተጻፈ ስም ደግሞ ማታውን ቡና ላይ ይወራል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ቤት መጥተው እናታቸውንና አያታቸውን የሚያሳፍሩበት ትምህርት እንዳይሆን። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ከመጣም ሌሊት ነው፤ እናት ተነሥታ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ ትሞላለች። ልጅ በማግሥቱ «መምህራችን በርሜል መጥፎ ነው ብላለች» ቢላት ምን ታድርግ? የተከራየነው ግቢ ለስንት አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት እንዳለው እኛም እናውቃለን፤ ድህነታችንን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ትምህርት ግን ልብ ይሰብራል።


ንጹሕ ውሃ (የአካባቢ ጤና ባለሙያ)

የገራዶ አባት ያሉት ከልብ ሊያዝ የሚገባው ነው። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ግለሰቡን ብቻ ሲወቅስ መሠረቱን ስቷል፤ ውሃው በየቀኑ ቢደርስ፣ ቆሻሻው በሰዓቱ ቢነሣ፣ መጸዳጃ ቤቱ ቢበቃ ኖሮ እናትየዋ ያለ ምክር ታደርገው የነበረ ነገር ብዙ ነው። ተማሪዎቹ ይህንን ክፍል መማር አለባቸው፤ ምን ከቤት፣ ምን ከትምህርት ቤት፣ ምን ከአስተዳደር እንደሚጠበቅ ለይተው እንዲጽፉ ይደረግ።

ስለ ውሃ ግን በፈረቃው ውስጥም ሆኖ የሚቻለውን ልንገርዎ። ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚበከለው ቤት ውስጥ ነው፤ ኩባያ በእጅ ተይዞ ወደ በርሜሉ ሲነከር ጣትም አብሮ ይገባል። ለመጠጥ የሚሆነውን ጠባብ አፍ ባለው ጀሪካን ለይቶ ማስቀመጥና እያዘነበሉ መቅዳት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በርሜሉ ለእጥበት ይቀመጥ፣ ክዳን ብቻ ይኑረው። እንደ ውሃ አጋር ያለውን የክሎሪን ማከሚያ የሚጠቀም ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምሮ ሳይጠጣ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። የሚያፈላ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በዝቅተኛ አገር ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ የሚበቃው ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። የፊዚክስ መምህራችሁ ቴርሞሜትር ይዘው ቢመጡ ግሩም ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

ቦርከናንም አትርሱት። ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ፣ የከተማውን ደረቅና ፈሳሽ ቆሻሻ ተሸክሞ፣ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው። ላይ የተጣለው ታች ያለውን ሰው እንደሚያገኝ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም፤ በታችኛው ተፋሰስ በወንዝ ውሃ አትክልት የሚያለማ ገበሬና ያንን አትክልት ጥሬውን የሚበላ ሁሉ የዚህ ሰንሰለት አካል ነው። ልጆቹ ከድልድይ ላይ ሆነው ይመልከቱ፣ ይሣሉ፣ ይመዝግቡ። ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ፣ ከዳርቻው ቆሻሻ በእጃቸው እንዳያነሡ፣ በተለይ መርፌና ስለት እንዳይነኩ ግን ጥብቅ ትእዛዝ ይሰጥ። ጠያቂዋ «የማይገባው ምንድን ነው?» ላሉት መልሴ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጥንበት ልማድ በ1911 ዓ.ም. አገራችን ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያ ወረርሽኝ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሷል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ዕለቱ ሕዝብ በአንድነት አካባቢውን የሚያጸዳበት በመሆኑ ሊከበርለት የሚገባ ነው። ጭሱ ግን የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አያጠፋም፤ ያን ጊዜ ያልነበረው ፌስታልና ፕላስቲክ ሲቃጠል ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጭስ ይወጣል። ተማሪዎቹ ማጽዳቱን ይዘው ማቃጠሉን እንዲተዉ ለሰፈራቸው ሽማግሌዎች በአክብሮት ቢያስረዱ የገራዶ አባት የሰጉት መናናቅ አይኖርም።


የሮቢት እናት

ይቅርታ፣ ከርእሱ ካልወጣሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤት የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ይሰጣል ተብሎ ወረቀት መጣልን፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ መካን ያደርጋል ይላሉ። አባቷም አመነታ። መምህርት፣ ስለ በሽታ መከላከል ስታስተምሩ ይህንንም ታነሡታላችሁ?


ነርስ በጡረታ

እመቤቴ፣ ከርእሱ ፈጽሞ አልወጣሽም፤ መከላከል ማለት ይኸው ነው። ይህ ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜም የሚመጣው ኤችፒቪ ከተባለ ቫይረስ ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ጀመረ። በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው ልጅቷ ከቫይረሱ ጋር ሳትገናኝ ሰውነቷ ቀድሞ እንዲዘጋጅ ነው፤ ከተያዘች በኋላ ቢሰጥ ያለባትን አያድንም። በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር መጠን ተሰጥቷል፤ መካን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የሚያጋጥመው ክንድ ላይ ሕመም፣ አንዳንዴ ትኩሳትና ማዞር ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ቁርሷን በልታ ትሂድ፣ ከተከተበችም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጣ ትቆይ።

አባትየውን በንግግር ከምትረቺው ይዘሽው ጤና ጣቢያ ሂጂና ጥያቄውን እሱ ራሱ ይጠይቅ። አንቺም ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ለራስሽ ቅድመ ምርመራ አድርጊ፤ ምርመራው ኮምጣጤ መሳይ ፈሳሽ በማሕፀን በር ላይ ተቀብቶ የሚታይ ቀላል ነገር ነው፤ ለውጥ ከተገኘም ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል። ልጅ ስትከተብ እናት ስትመረመር አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ተጠበቀ።


መምህርት ዘጦሳ

ሁላችሁም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የገራዶ አባት ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ማንም ተማሪ የማንንም ሕመምተኛ ስም አይጽፍም፣ ከቤት ወደ ቤትም አይሄድም። የራሱን ግቢ የውሃ ዕቃ ይቆጥራል፣ የትምህርት ቤቱን ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ይመዘግባል፣ የሰፈሩን ካርታ ይሥላል። በወባ እጀምራለሁ፤ ፈንጣጣና እንዶድ በሁለተኛው ሳምንት፣ ውሃና ቦርከና በሦስተኛው ይሆናሉ፤ የለንደኑን ከካርታው ሥራ ጋር አቀርበዋለሁ። ለሮቢት እናትም፣ አዎን፣ ክትባቱን አነሣለሁ፤ ወላጆች የሚገኙበት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲኖር ርእሰ መምህራችንን አስፈቅዳለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ የቁጥር ነገር ነው። ልጆቹ የሰው ምስጢር ሳይነኩ የሕመምን መብዛትና ማነስ በጊዜ የሚያዩበት መረጃ ከየት ላግኝ? ሥራችን ለውጥ ማምጣቱንስ በምን ልወቅ?


የሐረጎ መንገደኛ (ጤና መኮንን)

መረጃው በእጅዎ ነው፤ የስም መጥሪያው። እርስዎ ራስዎ በሕመም ምክንያት የቀረውን ተማሪ ብዛት በየሳምንቱ ደምረው፣ ስም ሳይኖርበት ቁጥሩን ብቻ ለክፍሉ ይስጡ፤ እነሱ በግራፍ ያሳዩት። ከክረምት ዝናብ መውጣት በኋላ ባሉት ወራት፣ በብርዱ ጊዜ፣ ከበዓል መልስ ምን እንደሚታይ ራሳቸው ያነብባሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ልጅ ለሥራ፣ ለገበያ ወይም ለለቅሶም ይቀራልና ምክንያቱ ካልተለየ ግራፉ ያሳስታል። ሴት ልጆች በወር አበባ ጊዜ የሚቀሩበትን ሁኔታ ደግሞ በክፍል ፊት እንዲቆጠር አያድርጉ፤ ከሴት መምህራን ጋር ለብቻ ተመካክረው ውሃና መዝጊያ ያለው ክፍል እንዲዘጋጅ ቢጠይቁ ይሻላል።

የሥራዎን ውጤት ለመለካት የልጆቹን የፈተና ውጤት አይጠቀሙ፤ እውቀቱ ቀድሞም ነበራቸው። ቧንቧው አጠገብ ሳሙና የተገኘባቸውን ቀናት፣ ከመጸዳጃ ቤት ከወጡ ልጆች መካከል እጃቸውን የታጠቡትን፣ በዕረፍት ሰዓት የተከፈቱትን መስኮቶች ይቁጠሩ። እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥ በሽታን በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ያሳያሉ፤ ስለዚህ ሳሙናው በቦታው መኖሩ ራሱ ውጤት ነው። ሲጀምሩ አንድ ጊዜ፣ መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ቆጥረው ያነጻጽሩ፤ ልጆቹ እየተቆጠሩ መሆኑን ካወቁ ለዚያ ቀን ብቻ ይታጠባሉና ሳይታወቅ ይሁን።

በአንድ ሳምንት በተቅማጥና ትውከት፣ ወይም በትኩሳትና ሽፍታ የታመሙ ልጆች ድንገት ከበዙ ግን ለትምህርት ማሳያነት አይጠብቁት፤ በዚያው ቀን ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለቅርቡ ጤና ጣቢያ ይንገሩ። ኩፍኝና አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወዲያው ሪፖርት ከሚደረጉት መካከል ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ጭምር ነውና፣ በመጀመሪያው ሳምንት ባለሙያዋን ጋብዘው ከክፍሉ ጋር ያስተዋውቋት፤ ስልኳም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይለጠፍ።

እኔ ከሥራ መልስ ቅዳሜ ጠዋት መምጣት እችላለሁ። የወባ ተህዋስ የሚታይበት ስላይድና አንድ አጎበር ይዤ እመጣለሁ፤ ማይክሮስኮፕ በቤተ ሙከራችሁ የሚሠራ ካለ አስቀድመው ያሳውቁኝ። ከርእሰ መምህሩ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ለጤና ጣቢያው ሲደርስ ቀኑን እንወስናለን።